የጋማ ከብትና የዘመቻ ሰፈር በደብረ ታቦርና በጋፋት

ዛሬ «ከተማ» ሲባል በድንጋይና በቆርቆሮ የተሠራ፥ ከቦታው የማይነቃነቅ መኖሪያ ይታሰባል። ቃሉ ግን «ከተመ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ይኸውም ሰፈረ፥ ተቀመጠ ማለት ነው። ከጎንደር መንግሥት በፊትም ሆነ ጎንደር ከደከመች በኋላ የኢትዮጵያ ነገሥታት ዋና ከተማ በአብዛኛው የድንኳን ሰፈር ነበረ። ይህ ሰፈር በማዕርግ ተራ እንዴት እንደሚደረደር ብዙ ተጽፏል። የሰፈሩን ቦታ፥ የጕዞውን ሰዓትና የቆይታውን ዘመን የሚወስነው ግን ማዕርግ ብቻ አልነበረም፤ ፈረስ፥ በቅሎና አህያ የሚግጡት ሣርም ነበረ። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ነገሩን በደብረ ታቦርና በጋፋት ምሳሌ መግለጽ ነው።

፩. የሰፈሩ ሥርዐት

ሰፈር በሚመታበት ጊዜ የንጉሡ ድንኳን ከፍ ባለ ስፍራ ላይ በመካከል ይተከላል። ሌሎቹ መኳንንት በየማዕርጋቸው ይከቡታል። የሹመቶቹ ስሞች ራሳቸው የዚህ ሥርዐት ምስክሮች ናቸው፤ ፊታውራሪ በፊት፥ ቀኛዝማች በቀኝ፥ ግራዝማች በግራ ይሰፍራሉ፤ የኋላው ጦር ደጀን ይባላል። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የፖርቱጋል ቄስ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር እያንዳንዱ በተለመደው ስፍራው ይተክል እንደ ነበረ ጽፏል። ስለዚህ ሠራዊቱ ደክሞ ቢደርስም የሚያድርበትን ለማወቅ አይቸገርም ነበር።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ የጋማ ከብት የራሱ ሹም ነበረው፤ እርሱም ባልደራስ ነው። ከበታቹ ፈረስ ያዦች፥ ሣር ዐጫጆችና ጫኞች አሉ። ቀን ከብቱ በሜዳ ይሰማራል፤ ሲመሽ ጅብና ሌባ ስለሚያሠጉ ወደ ድንኳኖቹ መካከል ገብቶ በለኮ ይታሰራል። ጫኞች ጭነቱን ካወረዱ በኋላ የከብቱን ጀርባ ይመረምራሉ፤ ገጣባ የወጣበት አጋሰስ በማግሥቱ ቢጫን ከጥቂት ቀን በኋላ ከነአካቴው ስለሚቀር ነው።

፪. በቅሎ ለመንገድ፥ ፈረስ ለውጊያ

መኰንን በመንገድ የሚቀመጠው በበቅሎ ላይ ነው፤ የጦር ፈረሱ ግን በያዥ እየተሳበ ይከተለዋል። ይህ የክብር ልማድ ብቻ አይደለም። አንደኛ፥ በቅሎ በገደልና በድንጋይ መንገድ ላይ እግሯ የጸና ነው፤ ፈረሱም ሳይደክም ለውጊያ ይደርሳል። ሁለተኛ፥ በቆላ በትንኝ መሰል ጥቃቅን ነፍሳት የሚተላለፍ የፈረስ በሽታ አለ፤ ይህ በሽታ በፈረስ ላይ እጅግ ሲበረታ በበቅሎ ላይ ይቀልላል፥ በአህያ ላይ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነው። ስለዚህም ፈረሰኛ ጦር የደጋ ሀብት ሆኖ ኖረ፤ ቆላ መሻገር ግድ ሲሆንም ሳይውሉ ሳያድሩ ማለፍ ይመረጥ ነበር።

ፈረስ ከጌታው ስም ጋራ እስከ መዋሐድ ደርሷል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስም ነው።

፫. የሣርና የውሃ ሒሳብ

ሁለት መቶ ኪሎ ያህል የሚመዝን የደጋ ፈረስ በቀን ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ድርቆሽ ወይም የዚህን አራትና አምስት እጥፍ እርጥብ ሣር ይሻል። ዐሥር ሺህ የጋማ ከብት ያለው ሰፈር እንግዲህ በየቀኑ ከ400 እስከ 500 ኩንታል ድርቆሽ የሚያህል መኖ ይጨርሳል ማለት ነው። ይህን ያህል በጀርባ ጭኖ መጓዝ አይቻልም፤ ጫኙ ከብት ራሱ በላተኛ ነውና። ስለዚህ ሠራዊቱ ማልዶ ይነሣል፥ ከብቱ በቀን ብርሃን ይግጥ ዘንድም ገና ፀሐይ ሳለች ይሰፍራል። በአንድ ስፍራ በቆየ ቍጥር ሣሩና ማገዶው እየራቀ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ወይ ሰፈሩ ይነሣል፥ ወይ የገበሬው ጭድና ገብስ ይነጠቃል።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ራስ ጉግሣ የመሠረቱት ደብረ ታቦር ለፈረሰኛ ጦር የተመቸበት ምክንያት በዚህ ይታወቃል። በምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ፥ ከእርሱም የሚወርዱት ርብና ጉማራ፥ በምዕራብ እስከ ጣና የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ውሃንና ግጦሽን ያስገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስም በኋላ ሰመራን በዚያው አገር መቀመጫቸው አድርገዋል።

፬. ከጋፋት እስከ መቅደላ

ደብረ ታቦር አጠገብ ባለው በጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ የእጅ ሠራተኞችን አስቀምጠው መድፍ አስቀለጡ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ነበር። በዚያው ዘመን ግን የበጌምድር ገበሬ በወታደር ብዝበዛ ተማሮ ሸፍቶ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሠራዊቱ በየሌሊቱ እየከዳ ሳስቶ ነበር። መድፉን ሰዎች በጠፍር እየጐተቱ፥ ገደሉ እየተናደ መንገድ እየተሠራ፥ ጕዞው አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ።

በዚያው ጊዜ ከዙላ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ከሌላ አቅጣጫ ይመጣ ነበር። ከ13,000 በላይ ወታደርና 44 ዝሆኖች የነበሩት ይህ ጦር በመጀመሪያ በዙላ ጠረፍ ብዙ በቅሎዎች በውሃ ጥምና በበሽታ አልቀውበታል። ወደ ደጋ ከወጣ በኋላ ግን እህሉንና መኖውን በማሪያ ቴሬዛ ብር ይገዛ ስለ ነበር ባላገሩ ወደ ሰፈሩ እያመጣ ይሸጥለት ነበር። ሁለቱ ሠራዊቶች በመሣሪያ እጅግ መበላለጣቸው የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በሰፈርም ተበላልጠዋል። አንዱን ገበሬው ሸሸው፥ ለሌላው ገበያ አቆመለት። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ።

፭. መደምደሚያ

ተንቀሳቃሹ ከተማ በአዲስ አበባ መቆርቆር በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍጻሜው ተቃረበ፤ ግን አሻራው አልጠፋም። የአዲስ አበባ ሠፈሮች በመኳንንቱ ስም መጠራታቸው የድንኳኑን ተራ ያስታውሳል። በእንጅባራ ጥር 23 ቀን የሚሰበሰቡት የአገው ፈረሰኞችም የፈረሱን ጌጥና ግልቢያ ጠብቀው አቆይተዋል። የሰፈሩ ትልቅ ትምህርት ግን ከጌጡ በታች ይገኛል፤ ይኸውም የንጉሡ ድንኳን በካስማው ላይ ጸንቶ ሊቆም የሚችለው ፈረሱ የሚግጠው፥ ገበሬውም የሚቀረው ሲኖር ብቻ መሆኑ ነው።