ተጨማሪ መረጃ፦ «ኢንኳየር» ስለሚባለው ግሥ
በእንግሊዝኛ «አስክ» የሚለው ግሥ ለማናቸውም ጥያቄ ሲያገለግል፣ ከላቲን ተወልዶ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል የገባው «ኢንኳየር» ግን፣ ምንጩ መሻትና መፈለግ ስለ ሆነ፣ በግእዝ ሐተተ እንደምንለው ጠለቅ ያለ ጠባይ አለው። ተጠያቂውንም ሰው በቀጥታ ተሳቢ አድርጎ አይቀበልም፤ «አስክ ሂም» ማለት ሲቻል «ኢንኳየር ሂም» ማለት ስሕተት ነውና፣ «ኦቭ» የሚለውን መስተዋድድ በመካከል ማግባት ግድ ይሆናል። «ኢንቱ» ሲከተለው ነገርን መመርመር ነው፤ «አፍተር» ሲከተለው ግን፣ እኛ በሽተኛ ጠየቅሁ እንደምንለው ሁሉ፣ ስለ ሰው ደኅንነት መጠየቅ ስለሚሆን፣ «ሺ ኢንኳየርድ አፍተር ዩር ማዘር» ቢባል ሴትዮዋ እናትህ ደኅና ናቸው ወይ ብላለች ማለት ነው። የቃሉ አጻጻፍ ሁለት ዓይነት ነው፤ በብሪታንያ ብዙዎች በ«ኢ» ፊደል የሚጀምረውን ለተራ ጥያቄ፣ በ«አይ» የሚጀምረውን ለይፋዊ ምርመራ ሲለዩ (ለተማሪ ከጥቅሙ ድካሙ ሳያይል አይቀርም)፣ አሜሪካውያን ለሁሉም በ«አይ» መጻፍን ይመርጣሉ።