ከወዳደቀ ዕቃ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ስኩተር

የኤሌክትሪክ ስኩተር ዋና ዋና ክፍሎች ሻንሲ፣ ጎማው ውስጥ የተገጠመ ሞተር፣ ባትሪ፣ ኮንትሮለርና ፍሬን ናቸው። ሻንሲው ከአሮጌ ብስክሌት ብረት ወይም ከቱቦላሬ ይበየዳል። ሞተሩና ኮንትሮለሩ ከተበላሸ ስኩተር ሲወጡ የሁለቱ ቮልት መግጠም አለበት፤ የተለመደው 36 ቮልት፣ ከ250 እስከ 350 ዋት ነው። ብረታ ብረቱን ለማግኘት፣ ቆራሌው የሰበሰበው ዕቃ ተለይቶና ተቀጥቅጦ የሚሸጥበት የመርካቶው ምናለሽ ተራ የታወቀ ነው።

ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው ባትሪው ነው። ከላፕቶፕ ባትሪ የሚወጡት ሴሎች ውፍረታቸው 18፣ ርዝመታቸው 65 ሚሊ ሜትር ነው። እያንዳንዱ በቴስተር ይለካል፤ ከ2 ቮልት በታች የወረደ ይጣላል። የቀሩት እስከ 4.2 ቮልት ተሞልተው ለቀናት ይቀመጣሉ፤ ሲሞላ የሚግል ወይም ተቀምጦ የሚወርድ ሴል እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አይገባም። አቅማቸው የተቀራረበ ሴሎች አራት አራት እየሆኑ ጎን ለጎን ይያያዛሉ፤ እንዲህ ያለ አሥር ምድብ በተከታታይ ሲቀጠል 36 ቮልት ይሰጣል። ከልክ በላይ መሙላትንና መውረድን የሚያግድ የመከላከያ ሰሌዳም ይገጠማል።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የሞተር ጠባይ ከሜዳው ይለያል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለማቃጠል አየር ስለማይፈልግ በመንዟ መሐል ሜዳ ከተማም ጉልበቱ አይቀንስም። የሚያስቸግረው ዳገቱ ነው። ከጀማ ወንዝ ወደ ለሚ ከተማ አፋፍ 1,000 ሜትር ያህል ለመውጣት፣ ከነጂው ጋር 100 ኪሎ የሚመዝን ስኩተር 272 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በሙቀት የሚባክነው ሲታከል ወደ 340 ይደርሳል። እያንዳንዳቸው 2 አምፔር ሰዓት የሚይዙ አርባ ሴሎች የሚሰጡት 288 ብቻ ስለሆነ መንገዱን አይጨርሱም፤ የሴሉ ቁጥር ስልሳ ቢደርስ ይበቃል። ትንሽ ሞተርም በረጅም ዳገት ስለሚግል በየመካከሉ ማረፍ አለበት።

የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ የባትሪውን አቅም ይቀንሳል። ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ሴል ሲሞላ ለዘለቄታው ስለሚጎዳ፣ ባትሪው ቤት ገብቶ ሙቀት ካገኘ በኋላ ነው ቻርጅ የሚደረገው።

ለቁልቁለት ሁለት ፍሬን ያስፈልጋል፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ማርሽ የሌለው የጎማ ሞተር፣ ኮንትሮለሩ ከፈቀደ፣ ሲወርድ እንደ ፍሬን እየያዘ ጥቂት ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን መቀበል አይችልምና በዚህ ፍሬን ብቻ መተማመን አይገባም።