«ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ»

ባለፈው ጥቅምት ለሥራ ዲላ ሄጄ ሳለ ኃይለኛ ትኩሳትና ራስ ምታት ያዘኝና ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ጎራ አልኩ። የደም ምርመራ ውጤቴ ከወባ ነጻ መሆኔን፣ ነገር ግን ታይፎይድም ታይፈስም እንዳለብኝ ይናገር ነበር። አንባቢያንም ለዚህ ዓይነቱ ውጤት እንግዳ እንደማትሆኑ እገምታለሁ።

ስማቸው ይመሳሰል እንጂ በሽታዎቹ ለየቅል ናቸው። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውኃ ይመጣል። ታይፈስን የሚያመጡት ግን ሪኬትሲያ የተባሉ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ ወረርሽኝ የሚያስነሳውን ዓይነት የሚያዛምተው የልብስ ቅማል ነው። በሽታው መጨናነቅና የውኃ እጥረት ባለበት ይስፋፋል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በግጭት የተፈናቀሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች በየመጠለያው ታጭቀው መክረማቸውን ለሚያስታውስ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ሪኬትሲያ የሚራባው በሕያው ሴል ውስጥ ብቻ በመሆኑ በተለመደው ካልቸር አይገኝም። ስለዚህም ብዙ ክሊኒኮች የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ1916 ዌይልና ፊሊክስ ያስተዋወቁትን ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ ሪኬትሲያን ራሱን አይፈልግም፤ በደማችን ያለው አንቲቦዲ ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያን ማጓጎሉን ብቻ ያያል። ፕሮቲየስ ደግሞ የሽንት ቧንቧን ስለሚያጠቃ፣ በእሱ የታመመ ሰው «ታይፈስ አለብህ» ሊባል ይችላል። በአንጻሩ እውነተኛው የታይፈስ ሕመምተኛ አንቲቦዲው ገና ስላልዳበረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ነጻ ነህ» ሊባል ይችላል።

የተሻለው ዘዴ በልዩ ማይክሮስኮፕ አንቲቦዲውን መለካት ነው። ደም በሕመሙ መጀመሪያ፣ ከዚያም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ይወሰድና መጠኑ አራት እጥፍ ካደገ በሽታው ይረጋገጣል። ፒሲአር ደግሞ የባክቴሪያውን ዘረ መል ይፈልጋል።

ስህተቱ ዋጋ ያስከፍላል። ለታይፎይድ የሚታዘዘው ሴፍትሪያክሶን ታይፈስን አያድንም፤ የታይፈስ መድኃኒት ዶክሲሳይክሊን ነው። በሽታው ሊገድል ስለሚችልም ምልክቱን አይቶ በብርቱ የጠረጠረ ሐኪም የላቦራቶሪ ማረጋገጫ እስኪመጣ አይጠብቅም።

እኔስ? በማግስቱ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቱን አይተው፣ «ወባ በአንድ ምርመራ ላይታይ ይችላል» በማለት ደሜን እንደገና በማይክሮስኮፕ አስመረመሩት። የተገኘብኝ ወባ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምርመራ ወረቀት በተሰጠኝ ቁጥር የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ፦ «የተገኘው በሽታው ራሱ ነው ወይስ አንቲቦዲ?»