ያውቁ ኖሯል? የፕላስቲክ ሁለት ጠባይ፣ ከመኪና ግርግር እስከ አምበር ዶቃ

እንጀራ አንዴ ከምጣድ ከወጣ መልሰው ቢያሞቁት ይደርቃል፣ ሲብስም ያርራል እንጂ ሊጥ አይሆንም። ቅቤ ግን ስንቴም ቢቀልጥ መልሶ ይረጋል። ያውቁ ኖሯል? ፕላስቲክም በአብዛኛው እንዲሁ በሁለት ወገን ይከፈላል። ቅቤው ቴርሞፕላስቲክ፣ እንጀራው ቴርሞሴት ይባላል። የመጀመሪያው ሞለኪውሎች ሙዳይ ውስጥ እንደተጣለ ፈትል ናቸው፤ ሲሞቁ ይንሸራተታሉ። የሁለተኛው ግን ሲሠራ እርስ በርስ ይቋጠራሉ፣ ቋጠሮውንም እሳት አይፈታውም፤ ያከስለዋል እንጂ።

የሐረሩ መኪና ግርግር ጎዳና ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ ነው። እዚያ የሚሰፋ አንድ ሸሚዝ ሁለቱንም ወገን ሊይዝ እንደሚችልስ ያውቁ ኖሯል? ጨርቁ ፖሊስተር ከሆነ ቴርሞፕላስቲክ ነው። አዝራሩም ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው፣ እሱ ግን ቴርሞሴት። ስም አንድ፣ ጠባይ ለየቅል! ካውያው ከልክ በላይ ሲግል ጨርቁ ይኮማተራል፣ ያብለጨልጫል፣ ከካውያው ሆድ ላይ ይለጠፋል፤ አዝራሩ ንቅንቅ አይልም። ጨርቁ ደግሞ የ«ሃይላንድ» ጠርሙስ ወንድም ነው፤ ሁለቱም 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ይቀልጣሉ። ጠርሙሱ ተፈጭቶና ቀልጦ ክር የሚሆነውም ለዚህ ነው። አዝራሩን አቅልጦ ክር ያወጣ ሰው ግን የለም።

ቅቤው ወገን ውኃም ይይዛል። ለዓመታት ሐረርን ያጠጣው የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ የከተማው ኑሮ በጀሪካንና ሮቶ በሚባለው የውኃ ማጠራቀሚያ ላይ ወደቀ። ሮቶ የሚሠራው የፖሊኤትሊን ዱቄት በሚሽከረከር ትኩስ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ቀልጦ ግድግዳውን ሲለብስ ነው። ጀሪካኑም ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ 130 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። የተሰነጠቀውን ለመጠገን ቢላዋ ከሰል ላይ ይግላል፣ ከአሮጌ ጀሪካን የተቆረጠ ቁራጭ ስንጥቁ ላይ ይደረጋል፣ ቢላዋው ሁለቱን አቅልጦ ያጣብቃቸዋል። ጭሱን ብቻ አይሳቡ።

ኮንጎ የሚባለው የፕላስቲክ ጫማም ሲበጠስ በጋለ ቢላዋ ይያያዛል። ከመኪና ጎማ በሚሠራው በረባሶ ግን አይሞከርም። ጎማው እ.ኤ.አ. በ1839 ቻርልስ ጉድይር እንደደረሰበት ከድኝ ጋር በሙቀት የበሰለ ነውና፣ ይቆረጣል፣ በሚስማር ይመታል፣ መቅለጥ አያውቅም።

ፕላስቲክ ራሱስ መቼ መጣ? ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ገብቶ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ሲነግድ፣ አሜሪካዊው ጆን ዌስሊ ሃያት ከቢሊያርድ ኳስ ላይ የዝሆን ጥርስን ለማስወጣት በሴሉሎይድ መሥራት ከጀመረ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ሴሉሎይድ ቅቤው ወገን ነው፤ በዚያ ላይ እሳት ይወዳል።

ከእንጀራው ወገን ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነው የመጀመሪያው ፕላስቲክ የመጣው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው፦ የቤልጂየም ተወላጁ ሊዮ ቤክላንድ የሠራው ቤክላይት። የድስት እጀታ፣ የድሮ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የሐረር ታክሲ ሆነው የኖሩት የፔጆ 404 ዓይነት መኪኖች የዲስትሪቢዩተር ክዳን። ሙቀትና ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ ሁሉ የእሱ ነበር።

ጉደኛው ግን ዶቃው ነው። በሐረር የብር ጌጥ መሃል የሚደረደረውን ትልልቅ ቢጫ የአምበር ዶቃ ያስቡ። አምበር ዘመናት ያደረቁት የዛፍ ሙጫ ነው። ያውቁ ኖሯል? በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ከቤክላይት ዘመዶች አምበር መሳይ ዶቃ እየሠሩ ወደ አፍሪካ ይልኩ ነበር፤ ብዙው ዛሬም «አምበር» እየተባለ ይሸጣል። ለመለየት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨው አልሟሟ እስኪል ይጨምሩና ያለ ብር ማያያዣ ዶቃውን ይጣሉት። አምበር ይንሳፈፋል፤ ቤክላይት ይሰጥማል። ተንሳፈፈ ብለው ገና አይደሰቱ፣ ፖሊስታይሪን የሚባለው ርካሽ ፕላስቲክም ይንሳፈፋል። እሱን የጋለ መርፌ ያጋልጠዋል፤ እንደ ቅቤ ይገባለታል። አምበር ላይ መርፌው የሙጫ ሽታ ያወጣል፣ ቤክላይት ላይ አፍንጫ የሚቆጠቁጥ የመድኃኒት ሽታ። ሲሞክሩ ክሩ በሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ ይሁን፤ ፊቱ ላይ ከወጉት ጠባሳው አይጠፋም።