ያውቁ ኖሯል? የበርበሬ ቃጠሎ ለሚፈሩ፣ ምሳ በጊንጪ

ምላስዎ በበርበሬ ሲነድ አምቦ ውሃ መጨለጥ አያበርደውም። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ ጋዙም የተቃጠለ ምላስ ይቆጠቁጣል። ፍቱኑ ወተት፣ እርጎና አይብ ነው፤ በወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የተባለ ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ከምላስ ላይ ጠርጎ ያነሳዋል።

ስለዚህ ወደ አምቦ ሲያልፉ በመንገዱ ላይ ባለችው ጊንጪ ከተማ ምሳ ለመብላት አይስጉ። «አልጫ አለ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። አልጫ በርበሬ አይገባበትም፤ ቢጫ ቀለሙ የእርድ ነው። ቃሪያ ካለበት ግን ለይተው ወደ ዳር ያድርጉት። ጨጨብሳ ሲያዙ «በርበሬው ይቅር፣ በማር ይሁንልኝ» ይበሉ። ከሁሉ የሚመቸው ገንፎ ነው፦ ቅቤና በርበሬው መሀሉ ላይ በተጎደጎደው ስፍራ ስለሚቀመጥ፣ ከዳር እየቆረሱ ምን ያህል እንደሚያጠቅሱ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ክትፎም ቢሆን «ሚጥሚጣው ለብቻ ይምጣልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ረቡዕና አርብ የጾም ቀናት በመሆናቸው አይብና እርጎ ላያገኙ ይችላሉ። ምጥን ሽሮ ደግሞ በርበሬው አብሮ የተፈጨ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ማንም ሊያወጣልዎ አይችልም። ነጭ ሽሮ፣ ድንች አልጫ ወይም ጎመን ይዘዙ።