«ልዩነት» እና «ለውጥ»፦ የማውጫ ዛፎችን ስለ ማነጻጸር

በኮምፒዩተር ሙያ ፋይሎች የሚመደቡበት ክፍል «ማውጫ» ይባላል። ማውጫ ሌሎች ንኡሳን ማውጫዎችን ስለሚይዝ፣ አደረጃጀቱ ከአንድ ሥር ተነሥቶ ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ ዛፍ ይታሰባል፤ «የማውጫ ዛፍ» መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው።

ዛፎችን በትእዛዝ መስመር ለማነጻጸር የሚያገለግለው «ዲፍ» በቤል ላቦራቶሪዎች ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ከዩኒክስ አምስተኛ እትም ጋር ወጣ። ስሙ «ልዩነት» የሚል ፍቺ ካለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቆረጠ ነው። ዛሬ ትእዛዙ ወደ ንኡሳን ማውጫዎች እንዲዘልቅ ሲደረግ፣ ስማቸው አንድ የሆኑትን ፋይሎች እያጣመረ የሚለያዩባቸውን መስመሮች ይዘረዝራል፤ ጥንድ የሌለውንም «በዚህ ብቻ የሚገኝ» ሲል ያስታውቃል።

ይህን ውጤት «ለውጥ» ብሎ መተርጐም አሳሳች ነው። «ለውጥ» ፊተኛና ኋለኛን ይጠይቃል፤ ትእዛዙ ግን የሚከተለው ተጠቃሚው ዛፎቹን የጠራበትን ተራ እንጂ ዕድሜያቸውን አይደለም። ተራው ቢገለበጥ «የተጨመረ» የነበረው መስመር «የተሰረዘ» ይሆናል። ስሙ ብቻ የተለወጠ ፋይልም ሁለት ጊዜ «በዚህ ብቻ የሚገኝ» ተብሎ ይመዘገባል። በመመሪያ መጽሐፍ ላይ ቃሉ ቢዛነፍ፣ አንባቢው አዲሱን ፋይል እንደ አሮጌ ቈጥሮ ሊያጠፋው ይችላል።

ስለዚህ ለድርጊቱ «ማነጻጸር»፣ ለውጤቱ «ልዩነት» ይበጃል። «ለውጥ» የሚለው ቃል የዛፎቹን ቀዳሚና ተከታይ የሚያውቅ ሰው ለሚሰጠው ፍርድ ይቈይ።