የአእምሮ ማሠልጠኛ ጌም ትውስታን ያሻሽላል?

በከሚሴም በባቲም ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ደጋግመው ይጠይቁኛል። አጭሩ መልስ፦ በዋናነት የሚያሻሽለው ያንኑ ጌም የመጫወት ችሎታን ነው።

ማስረጃው ምን ይላል?

• እ.ኤ.አ. በ2010 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 11,430 ሰዎችን ለስድስት ሳምንት ተከታተለ። በተለማመዱት ጌም ጎበዙ፤ ጉብዝናው ግን ወዳልተለማመዱት ፈተና አልተሻገረም።

• እ.ኤ.አ. በ2016 ሉሞሲቲ የተባለው የአእምሮ ማሠልጠኛ ጌም ባለቤት ኩባንያ የጌሙን ጥቅም በቂ ማስረጃ ሳይኖረው አስተዋውቋል ተብሎ በአሜሪካ ተከስሶ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

• አክቲቭ የተባለው የአረጋውያን ጥናት የአእምሮ ፍጥነት ልምምድ ውጤት ከ10 ዓመት በኋላም እንደቆየ አሳይቷል። ያ ልምምድ ግን ትውስታን አላሻሻለም።

ታዲያ ምን ይሠራል?

መልሱ በየመድረሳችን አለ። ቁርኣን የሚሐፍዝ ደረሳ መጽሐፉን ዘግቶ በቃሉ ለኡስታዙ ያሰማል፤ የቀደመውንም በየጊዜው ይከልሳል። የትምህርት ሥነ ልቦናም የሚመክረው ይህንኑ ነው፦ ከትውስታ ማውጣትና አራርቆ መከለስ። ልብ በሉ፤ ይህም የሚያጠነክረው የተጠናውን ነው። ባዮሎጂ ማወቅ የፈለገ ባዮሎጂን ማጥናት አለበት።

ተማሪዎች፦

1. አንብባችሁ ደብተሩን ዝጉና ያስታወሳችሁትን ጻፉ።
2. በማግስቱ፣ ከዚያም በሳምንቱ ከልሱ።
3. ስታጠኑ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ።
4. ለጥናት ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ፤ ያጠናችሁት የሚጸናው በእንቅልፍ ጭምር ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ጌሙ ለመዝናኛ ከሆነ ችግር የለውም። ለአእምሮ ማጎልበቻ ተብሎ ክፍያ ከተጠየቃችሁ ግን ገንዘቡን ለመጽሐፍ አውሉት።